የተቆለፈው ሰገራ ቤት

ያገራችን ሰው ጨዋ ነው። ያንን ነገር በስሙ አይጠራውም። «ሜዳ ልውጣ» ይላል። «ደጅ ደርሼ ልምጣ» ይላል። ከሁሉ የባሰው ጨዋ ደግሞ ምንም ሳይናገር ብድግ ይልና ጋቢውን አጣፍቶ ውልቅ ይላል። እኔም ያደግሁት በጨዋ ቤት ነው። ስለዚህ ይህን ወሬ ከየት እንደምጀምረው ሳሰላስል ነው የቆየሁት። ግን ምን ይደረግ? አዳማ ስትታደስ አይቻለሁ፤ ካየሁት ሁሉ ከሐሳቤ ያልጠፋው ይኸው ነው። ስለ ባቡሩ ሌላ ሰው ያውራላችሁ። እኔ የማወራው ስለ ሰገራ ቤቱ ነው።

«ሜዳ ልውጣ» ለማለት እኮ መጀመሪያ ሜዳ ያስፈልጋል። ለሴት ልጅ ደግሞ ሜዳው ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥቋጦ ያለበት ሜዳ መሆን አለበት። እኔ ባሌን ተከትዬ አዳማ ስገባ ይህ ሁሉ ነበር። ባለቤቴ ባቡር ጣቢያ ጭነት ያወርዳል፤ እኔ ገበያ ወጥቼ በርበሬ እሸጣለሁ። ከገበያው ጀርባ የግራር ዱር ነበር። ዱር ስላችሁ አውሬ ያለበት አይምሰላችሁ፤ ፍየል ገብታ የማትጠፋበት ዱር ነው። ለእኛ ለገበያ ሴቶች ግን ትልቅ ነገር ነበር። አንዷን ሲቸግራት ለጎረቤቷ «ዕቃዬን እይልኝ» ትላለች፣ ግራሩ ውስጥ ገባ ትላለች፣ ነጠላዋን አስተካክላ ትመለሳለች። ማንም አላየ፣ ማንም አልጠየቀ።

ታዲያ ባቡር እንጨት ይበላል። ከተማውም ከሰል ይፈልጋል፣ ለቤት መሥሪያ ማገርና ምሰሶ ይፈልጋል። እንጨት ቆራጮቹ ከዳር ጀመሩ፣ ወደ መሀል ገቡ፣ እኛ በርበሬና ቅቤ ስንሸጥ ግራሩ አለቀ። አንድ የገበያ ቀን ቀና ብንል ከገበያው እስከ ተራራው ሥር ድረስ ዶሮ ብትሄድ ትታያለች። ወንዱ ምን ቸገረው? ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ቁጭ ይላል፤ ተራራው እስካላየው ድረስ ሌላው ያየው አይመስለውም። ሴት ግን የት ትሂድ?

የትም አልሄድንም። ቻልነው። እንዴት ቻላችሁት ብትሉኝ፣ ውኃ ባለመጠጣት ነዋ። ለነገ ገበያ ከዋዜማው ጀምሮ ጉሮሯችንን እንዘጋለን። የአዳማን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ደግሞ ምንም ብነግራችሁ አይገባችሁም። በዚያ ፀሐይ በርበሬ ፊት ተቀምጦ ውኃ አለመጠጣት የጠላት ቅጣት ነው። አጠገቤ ቅቤ የምትሸጠው አዴ በሪቱ ከዴራ በአህያ የምትመጣ ሴት ናት። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ ልጆች ወልዳ ጨርሳለች፣ ቀልድ ታውቃለች። ቅቤዋ በሙቀቱ ሲቀልጥ እያየች «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ቅቤዬ እንኳን ውኃ ሆነ፤ እኔና አንቺ ብቻ ደረቅን» ትለኛለች።

እንዲህ ስንኖር አገር ገዢው ከተማው ይታደስ አሉ። መቀመጫቸው ሌላ ቦታ ስለሆነ አዳማ የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ሄደው ቀጥ ያለ መንገድና ጥላ ያለው ዛፍ አይተው መጡ፤ ከዚያ በኋላ ከአፋቸው ሌላ ቃል አልወጣም። መንገዱ እንደ ድሬዳዋ ይሁን! ዛፉ እንደ ድሬዳዋ ይተከል! ከጣቢያው እስከ ገበያው መንገዱ ተቃና። በክረምት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ቤት ይዞ እንዳይሄድ በድንጋይ የተገነባ ቦይ ወጣለት። ገበያው ተደለደለ፣ ለየሻጩ መደብ ተሠራ። ድንጋዩን የተሸከምነው እኛው ነን፤ ባለቤቴ በትከሻው፣ እኔ በጀርባዬ። አልከፋኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጎርፉ በቦዩ ሲያልፍ ያየሁ ቀን ደስ ብሎኛል።

ከሁሉ በላይ ያስደሰተን ግን በመጨረሻ የመጣው ነው። ገዢው ለገበያው ሰገራ ቤት ይሠራ ብለው አዘዙ። አንድ ግሪክ ግንበኛ መጣና ሠራው። ምን ብዬ ልንገራችሁ! ግድግዳው ድንጋይ፣ በኖራ የተለሰነ። ወለሉ ሲሚንቶ። ሁለት በር አለው፤ አንዱ የወንድ፣ አንዱ የሴት። ጣሪያው ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ልብ በሉ፣ ያኔ ከጣቢያውና ከጥቂት ነጋዴ ቤት በቀር አዳማ ሁሉ ሣር ክዳን ነው። ሰው ቆርቆሮው በፀሐይ ሲያብረቀርቅ እያየ ይሳለማል። አንድ የወሎ ነጋዴ ለምን እንደተሠራ ሲነገረው አላመነም፤ ማን እንደሚኖርበት እውነቱን እንዲነግሩት ለመነ።

ችግሩ የመጣው ከማማሩ ነው። ባሻ ድንቁ የሚባሉ የገበያው ሹም ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ሚዛን የሚያጭበረብር ይቀጣሉ። የመንግሥት ዕቃ ሲያዩ ግን እንዳይበላሽ ይሳሳሉ። ግሪኩ ሁለቱን በር ቆልፎ ቁልፉን አስረከባቸው። ባሻ ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። በሚቀጥለው ገበያ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ከዚያ በኋላ ባለውም እንደተቆለፈ ነው። እኛም ገና አልደረቀ ይሆናል ብለን ጠበቅን።

ይህን ጊዜ እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ ሆዴ ገፍቶ ነበር። ያረገዘች ሴት ደግሞ እንኳን ቀኑን ሙሉ፣ አንድ ደንበኛ ተከራክሮ እስኪጨርስ መቻል አይሆንላትም። ስለዚህ ከሌላው አብልጬ ውኃ ተውኩ። አንድ ቀን ፀሐዩ አናት ላይ ሲደርስ፣ ለአንዲት ሴት በርበሬ እየሰፈርኩ፣ ገበያው ዞረብኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አዴ በሪቱ ፊቴ ላይ ውኃ ስታፈስ ነው። በርበሬው ላይ በግንባሬ ነው የወደቅሁት። ዓይኔ፣ አፍንጫዬ፣ አፌ ሁሉ ይነዳል። አስነጥሳለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ መልሼ አስነጥሳለሁ። የከበቡኝ ሰዎች ሊያዝኑ ይሞክራሉ፣ በርበሬው እነሱንም ያስነጥሳቸዋል። ሁላችንም ስናስነጥስ ለቀስተኛና ሟች አልለይ አለ።

አዴ በሪቱ ግን አልሳቀችም። ውኃውን አፌ ላይ ደቅና «ጠጪ» አለችኝ። ከጠጣሁ በኋላ የት እሄዳለሁ አልኳት። ቀና ብላ ቆርቆሮውን አየች። ያን ጊዜ እኔንም ፍርሃት ያዘኝ። ስለ ራሴ አይደለም። ሆዴን ዳበስኩት፤ ዝም ብሏል። ልጁ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ያለፈችውን ጊዜ ለጠላቴም አልመኛት። በኋላ ልጁ አንድ ጊዜ ገፋ አደረገኝ። በሪቱ እጇን አሳርፋ ነበርና እሷም ሰማችው። «ያ ረቢ!» አለችና እጄን ይዛ አስነሳችኝ። ባሻ ዘንድ ሄድን።

ባሻ ድንቁ ከሰገራ ቤቱ ፊት በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ጥላው ደህና ነው።

«ባሻ፣ ይቺ ልጅ ወደቀች» አለች በሪቱ። «ቁልፉን ስጠን።»

የበሪቱ አማርኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ወይም ያውቃል፣ ሲፈልግ ነው።

ባሻ አዩኝ፤ ፊቴ በርበሬ ለብሷል። አዘኑልኝ። እግዜር ይማርሽ አሉኝ። ቁልፉን ግን በእጃቸው ሸፈኑት።

«ልጆቼ፣ ይህ እኮ የመንግሥት ቤት ነው። ዛሬ ብከፍተው ነገ ይቆሽሻል። ገዢው እንግዳ ይዘው ሲመጡ ምን ላሳይ ነው?»

«ታዲያ ለምን ተሠራ?»

«ለከተማው ክብር ነዋ!»

በሪቱ ዞራ የተቆለፈውን በር አየችው። ከዚያ በጣም በእርጋታ፣ «የከተማው ክብር ሽንት ይመጣበታል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ባሻ ተቆጡ። ሂዱ ከዚህ አሉን። ሄድን።

የሄድነው ግን ወደ መደባችን አይደለም። የባሻ ቤት ከገበያው ማዶ ነው፤ ግቢው በእሾህ የታጠረ፣ ከጓሮው ጌሾ የተተከለበት። በሪቱ በሩን አንኳኳች። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ወጡ። ቀጠን ያሉ፣ ቁጥብ፣ ከባላቸው በቀር ከማንም ጋር ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ባላቸውንም አንቱ ነው የሚሉት። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። በሪቱ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። እትዬ አስካለ የሰሙት ሌላ ነበር፤ ባሻ «ግሪኩ ሥራውን አልጨረሰውም» ብለዋቸዋል።

ሆዴን አዩ። ፊቴን አዩ። «ግቢ ልጄ» አሉኝ። ጓሮውን አሳዩኝ። ስመለስ ውኃ በጣሳ ይዘው ቆመው አገኘኋቸው፤ እጄን አስታጠቡኝ፣ በርበሬውን ከፊቴ አጠቡልኝ። ስንወጣ ለበሪቱ «ሌላም የቸገራት ካለች ላኪያት» አሏት።

ይህን ለማንም ሴት መናገር ይቻላል። ለበሪቱ ግን መናገር አልነበረባቸውም። የሚቀጥለው ገበያ ከመጋመሱ በፊት ያልሰማች ሴት አልነበረችም። ቅቤ ሻጯ ሰማች፣ እንሥራ ሻጯ ሰማች፣ ከሞጆ በባቡር የመጣችው ሽንኩርት ሻጭ ገና ከጣቢያ ሳትወጣ ሰማች። የባሻ ደጅ ሰልፍ ሆነ። እትዬ አስካለ አንዷን ያስገባሉ፣ አንዷን ያስወጣሉ፣ ጣሳቸው አያርፍም። እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል። ለዓመታት ሰው ሳያነጋግሩ የኖሩ ሴት በአንድ ቀን የአገሩን ሁሉ ወሬ ሰሙ።

ባሻ ለምሳ ሲመጡ ሰልፉን ከሩቅ አዩት። ደጃቸው ሰው መሰለፉ የተከበሩ ሰው ምልክት ነው። እርምጃቸውን ቀነስ፣ ደረታቸውን ነፋ አደረጉ። ኩታቸውን አስተካከሉና ከፊት ለቆመችው፣ አንዲት ወፍራም የጨው ነጋዴ ናት፣ በጌታ ድምፅ «ጉዳይሽ ምንድን ነው?» አሏት።

ሴትዮዋ እግሯን እያቀያየረች፣ «ጉዳዬስ አንድ ነው ባሻ፤ ብቻ ቶሎ ይለቅልኝ» አለቻቸው።

ባሻ አልገባቸውም። ተራ በተራ እንሰማለን፣ ምስክር ያላት ምስክሯን ትጥራ አሉ። እኔ ኋላ ቆሜያለሁ። መሳቅ አልችልም፤ ከሳቅሁ ያመልጠኛል። በሪቱ ናት የገላገለቻቸው፤ «ባሻ፣ ይሄ ምስክር የማይጠራበት ጉዳይ ነው» አለች። ጓሮ ሲገቡ ገባቸው።

ከቤት ጩኸት ተሰማ። የባሻ ጩኸት ነው። ጌሾዬ! ግቢዬ! ክብሬ! ከዚያ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ፣ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን። ቁልፉን ለሴቶቹ ይስጡ አሏቸው። ባሻ አልሰጥም፣ በሩን ዝጊ፣ ሁሉንም አባሪ አሉ። ያን ጊዜ እትዬ አስካለ ከተጋቡ ጀምሮ ያላደረጉትን አደረጉ። ባላቸውን አንተ አሉ።

«ግቢው ላንተና ለሴቶቹ አይበቃም» አሏቸው። «ሴቶቹ መሄጃ የላቸውም። አንተ ግን ቆርቆሮ ቤት አለህ።»

የሚተኙበትን ጀንዲና የሚለብሱትን ቡልኮ አውጥተው አስረከቧቸው። ባሻ በዚያን ሁሉ ሴት መሀል ጀንዲያቸውን ታቅፈው አለፉ። ሴቶቹ ግራና ቀኝ ሸሽተው መንገድ ለቀቁላቸው። እውነት ለመናገር አሳዘኑኝ። ሰው በገዛ ደጁ እንደዚያ ሲወጣ ማየት ደስ አይልም። ዘመድ ዘንድ ሄደው ቢያድሩ ወሬው አገር ያዳርሳል። ሆቴል የለ። ወዴት ይሂዱ? ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው።

ጥቂት ቀን እንዲሁ አለፈ። ባሻ ለጠየቃቸው ሁሉ የመንግሥቱን ቤት እየጠበቅሁ ነው የማድረው ይላሉ። ሽማግሌ ቢላክ እትዬ አስካለ «ቁልፉን ይዞ ይምጣ» ነው መልሳቸው። ባሻም ቁልፍ ከሚሰጡ አንገታቸውን ቢሰጡ ይመርጣሉ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እኔና በሪቱ ደህና መደብ እንዳይያዝብን ማልደን ወጣን። ገና ጎህ እየቀደደ ነው። መኪና መጣ። መኪና ያኔ የየቀን ነገር አይደለም፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ገዢው ናቸው። ሞጆ አድረው ፀሐይ ሳይበረታ ብለው እንግዶቻቸውን ይዘው ገሰገሱ። ከእንግዶቹ መሀል ቦርሳ የያዘ አንድ ፈረንጅ ሐኪም አለ። መንገዱን አሳዩአቸው፣ ቦዩን አሳዩአቸው፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው መጡ። ገዢው አዲስ ቤቱን እንደሚያሳይ ሙሽራ ፈክተዋል።

በሩ ተከፈተ። ባሻ ድንቁ ቡልኳቸውን እንደተከናነቡ፣ ዓይናቸው አብጦ፣ ፀጉራቸው ተንጨብርሮ ወጡ።

እጅ ነሱ። ገዢው ደነገጡ።

«ባሻ! ምን ሆነህ ነው?»

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ሚስቴ አባራኝ ነው ይባላል፣ በፈረንጅ ፊት? እዚህ ነው የምኖረው ይባላል? ባሻ ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

«ሆዴን ጌታዬ» አሉ። «ሌሊቱን ሙሉ ከዚህ አልወጣሁም።»

ይህ እንኳን ውሸት አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከዚያ አልወጡም። ገዢው ልባቸው ተነካ። ወደ እንግዶቻቸው ዞረው አያችሁ፣ ይህ ቤት ባይኖር ይህ ሰው ምን ይሆን ነበር አሉ። ከዚያ የባሻን አንገት አዩ። ቁልፉ ለምን እዚያ እንደተንጠለጠለ ጠየቁ። ሌላውን ሰው ሲያመውስ ባሻን ሲፈልግ ሊውል ነው? ባሻ አፋቸውን ሳይከፍቱ በሪቱ ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ» አለች፣ «እኛንም ያመናል። ሁልጊዜ የገበያ ቀን ያመናል።»

ገዢው እሷን አዩ፣ ከኋላዋ የቆምነውን ሴቶች አዩ፣ የእኔን ሆድ አዩ። ሰውዬው ሞኝ አልነበሩም መሰለኝ። እጃቸውን ዘረጉና ቁልፉን ከባሻ አንገት አወለቁ። ከዛሬ ጀምሮ ይህ በር ቀንም ሌሊትም እንዳይቆለፍ ብለው አዘዙ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለባሻ ደህና ነበር። ፈረንጁ ሐኪም ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። በሽታው ሥር ሳይሰድ ሆዱ ይጠረግ አለ። ከቦርሳው የጉሎ ዘይት አወጣ፣ በኩባያ ሞላ። ባሻ ተሽሎኛል ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ገዢው «ጠጣ፣ ላንተው ነው» አሏቸው። ጌታ ቆሞ ጠጣ ሲል ይጠጣል። ባሻ ጠጡ።

ቀስ ብለው እንግዶቹን ሊሸኙ ተነሡ። ጥቂት ተራመዱ። ቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ። ዞሩና ያንን የሳሱለትን፣ ለእንግዳ ያስቀመጡትን ቤት እየሮጡ ገቡበት። ከገበያው ሴቶች ማን እንደጀመረችው አላውቅም፤ እልልታው ቀለጠ። ሰገራ ቤቱ ተመረቀ።

እኔ ያን ቀን ውኃ ቀጂዋን ጠርቼ አንድ ቅል ሙሉ ውኃ ጠጣሁ። በቀትር፣ በገበያ መሀል። በሪቱም ጠጣች። ጎረቤቶቻችን ጠላ እንደሚጠጣ ሰው ከበው አዩን፣ ከዚያ እነሱም ጠጡ። ቀዝቃዛ አልነበረም፤ ትንሽ ጭስ ጭስ ይላል። እስከ ዛሬ እንደዚያ የጣመኝ ውኃ የለም። ልጄንም በሰላም ወለድኩ፤ ሴት ናት።

ባሻም ቤታቸው ተመለሱ። እትዬ አስካለ እውነት የታመሙ መስሏቸው አብሽ መትተው፣ ሙቅ ሠርተው አስታመሟቸው። አንተ ማለቱን ግን አልተውም። ባሻ ሰነባብተው ስለ ሰገራ ቤቱ ሲጠየቁ «መጀመሪያ በራሴ ሞክሬ ነው ለሕዝቡ የከፈትኩት» ማለት ጀመሩ። እኛም እንዲህ ሲሉ ከሰማን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ውሸት ነው እንዳንል ውሸት አይደለም።

ገዢው በዚያው ዓመት ሐኪም ቤት አሠሩ። ሁለት ክፍል ነው፣ አልጋው ብረት፣ አንሶላው ነጭ። የዚህም ቁልፍ ለባሻ ተሰጠና ይኸም ተቆለፈ። ባሻ አንሶላው እንዳይቆሽሽ ብለው ነው፤ በሽተኛ ከተኛበት ይቆሽሻላ! ሰው አጉረመረመ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ለገዢው አቤት እንበል አሉ፣ ማን ይሂድ በሚለው ላይ ሲነታረኩ ከረሙ።

እኛ የገበያ ሴቶች ግን ስብሰባ አልጠራንም። በሪቱን ከፊት አድርገን ቅቤ ይዘን እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድን። ከሰላምታው በኋላ በሪቱ ጎንበስ አለች። «እርስዎ»ንም ያን ቀን ፈልጋ አገኘችው።

«እትዬ፣ እባክዎ» አለቻቸው፣ «ባሻን ለጥቂት ቀን ያባርሩልን።»